አንድ ዓመት በብዙ ቁጥር፦ የሀዲያው ንጉሥ አማኖ ዘመን በልዩ ልዩ የዘመን አቆጣጠሮች

(በሆሳዕና ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



ገለጻዬን የምጀምረው በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ነው። ባለፈው ዓመት ከማማክራቸው ተማሪዎች አንዱ ስለ ሀዲያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ የጻፈውን ምዕራፍ ይዞልኝ መጣ። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ነበር። በሰንጠረዡ መሠረት ዓፄ ዓምደ ጽዮን በሀዲያ ላይ አራት ጊዜ ዘምተዋል፤ በ516፣ በ1324፣ በ1329 እና በ1332። ተማሪው ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም ከራሱ አልፈጠረም። የሳተው፣ አራቱም ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ዘመቻ መሆኑን ባለማወቁ ነው።

ልወቅሰው አልደፈርሁም። እኔም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ «516 ዓመተ ምሕረት» የሚለውን አንብቤ፣ ስምንት ደምሬ፣ «እ.ኤ.አ. 524» ብዬ በግርጌ ማስታወሻ አስፍሬ ነበር። ጽሑፌን ከገመገሙት መምህራን አንዱ ቀና ብለው አዩኝና «ለመሆኑ የምትጽፈው ስለ ዓምደ ጽዮን ነው ወይስ ስለ ካሌብ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን ጠቅሞኛል፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ በአንድ ሰነድ ላይ ዓመት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ነው?» ብዬ ሳይሆን «ከምን ጀምሮ ነው የተቆጠረው?» ብዬ ነው።

የዛሬው ገለጻዬም ይህን ጥያቄ በአንድ ዓመት ላይ የሚፈትሽ ነው። ለጥያቄው ከዚህች ከተማ የተሻለ ቦታ አላገኝለትም። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማችን የአሁን ስሟን ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል ነው። ሆሳዕና ደግሞ ቋሚ ቀን የለውም፤ ከመጋቢት 19 እስከ ሚያዝያ 23 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዓመት ዓመት ይመላለሳል። መቼ እንደሚውል ለማወቅ ዓመቱን በትክክል መቁጠር ግድ ይላል። የምንኖረው በሒሳብ በሚገኝ በዓል ስም በተሰየመች ከተማ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ዜና መዋዕሉ የሚለው

የዓፄ ዓምደ ጽዮንን ዘመቻዎች የሚተርከው የግዕዝ ዜና መዋዕል በመግቢያው ላይ የሚጻፈውን ነገር በሁለት ቁጥሮች ያስረዋል። አንደኛው ንጉሡ የነገሡበት 18ኛ ዓመት ሲሆን፣ ሁለተኛው 516 ዓመተ ምሕረት ነው። ጽሑፉ በአመዛኙ የሚናገረው ከይፋቱ ገዢ ከሰብረዲን ጋር ስለ ተደረገው ጦርነት ነው። ነገር ግን በመካከሉ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ታሪክ ይዟል። የሀዲያው ንጉሥ አማኖ፣ በልዓም በሚባል ሰው ምክር ተበረታተው፣ ለዓፄው ለመገበርና በፊታቸው ለመቅረብ እምቢ አሉ። ዓፄው ተቈጥተው ዘመቱ፤ አማኖ ተማረኩ፤ በልዓም ወደ ይፋት ሸሸ። ጸሐፊው በልዓምን «የጨለማ ነቢይ» ይለዋል። ከዚህ አጠራር የምንረዳው ብዕሩ በማን እጅ እንደ ነበረ ነው።

ከቁጥሮቹ ቀላል የሚመስለው የንግሥና ዓመቱ ነው። በጥንቱ ዓለም በእጅጉ የተለመደው አቆጣጠርም እሱ ነበር። ዘውድ ሲጫን ቁጥሩ ከአንድ ይጀምራል፤ ንጉሥ ሲሞት ይቆማል። ይህ አሠራር በዘመኑ ለነበሩ ሰዎች ምቹ ነው፤ ሁሉም ማን እንደ ነገሠ ያውቃልና። ለእኛ ግን የነገሥታቱ ዝርዝር ካልተሟላ፣ የመጀመሪያው ዓመትም ከየትኛው ወር እንደ ተቆጠረ ካልታወቀ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቁጥር ነው። ዓምደ ጽዮን የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1314 ነው። ከመስከረም የጀመረውን 1307 ዓ.ም. አንደኛ ዓመታቸው ብለን ብንቆጥር 18ኛው ዓመት 1324 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። ይህን ቁጥር ለጊዜው እንያዘውና ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

516 እንዴት 1324 ይሆናል?

እኔን ያሳሳተኝ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ስም ነው። ዛሬ «ዓ.ም.» ብለን ስንጽፍ ከክርስቶስ ልደት ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሄደውን ቁጥር ማለታችን ነው። በመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ዘንድ ግን ይኸው ስም በ532 ዓመት የሚዞረውን ዑደት ያመለክት ነበር። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ዑደት ዐቢይ ቀመር ይሉታል። 532 የተገኘው ከ4፣ ከ7 እና ከ19 ብዜት ነው። አራቱ የወንጌላውያን ዓመታት፣ ሰባቱ የሳምንት ዕለታት፣ አሥራ ዘጠኙ ደግሞ የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር የሚገናኙባቸው ዓመታት ናቸው። ሦስቱ በአንድነት የሚገጥሙት በ532 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የፋሲካ ቀኖች ሁሉ በነበሩበት ቅደም ተከተል እንደ ገና ይመለሳሉ።

በዜና መዋዕሉ ውስጥ ያለው ዑደት መነሻው ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠበት፣ እ.ኤ.አ. በ284 የጀመረው ዓመት ነው። የእስክንድርያ ክርስቲያኖች ይህን ቁጥር በንጉሡ ዘመን ለተገደሉት መታሰቢያ አድርገው «ዓመተ ሰማዕታት» አሉት፤ ግብጻውያን ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ያ የመጀመሪያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 277 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከእኛ ዓመት ላይ 276 ሲቀነስ ዓመተ ሰማዕታት ይገኛል። ከ276 በኋላ 532 ዓመት ቆጥረን 808 ዓ.ም. ስንደርስ አንዱ ዑደት ይፈጸማል፤ 809 ዓ.ም. የአዲሱ ዑደት አንደኛ ዓመት ይሆናል። እንግዲህ 516 ላይ 808 ስንደምር 1324 እናገኛለን። የንግሥናው 18ኛ ዓመትም ያደረሰን እዚያው ነው።

የግርጌ ማስታወሻዬ የሳተው በእነዚህ 808 ዓመታት ነበር። በዛሬው አነጋገር 516 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 523/24 ነው። ያ በደቡብ ዓረቢያ የናግራን ክርስቲያኖች የተገደሉበትና ዓፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው እንዲዘምቱ ምክንያት የሆነው ዓመት ነው። ያም ዓመት በየአገሩ ሌላ ሌላ ስም አለው። በሐምያር የድንጋይ ጽሕፈት 633 ይባላል፤ በሶርያውያን አቆጣጠር 835 ነው። እኛ ዛሬ ሁሉን ወደ እሱ የምንመልሰው «523» ግን ያን ጊዜ በማንም ዘንድ አይታወቅም ነበር። ዓመታትን ከክርስቶስ ልደት የመቁጠርን ሥርዓት ዲዮናስዮስ እክሲጉስ ሮም ውስጥ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ525 ነውና።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ምንጩም ይኸው ነው። እኛ ወደ ኋላ የቀረን፣ እነሱ ወደ ፊት የሄዱ አይደሉም። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የክርስቶስን ልደት በአንድ ዓመት ላይ አስቀመጠ። ዲዮናስዮስ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲያሰላ በሌላ ዓመት ላይ አስቀመጠው። ኢትዮጵያ የእስክንድርያውን ያዘች፤ አውሮፓ የሮሙን ያዘች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት የሚሆነው የዓመት መለወጫው ወር ስለሚለያይ ብቻ ነው።

ያው ዓመት በጎረቤትና በሩቅ አገር

አሁን 1324 ዓ.ም.ን ይዘን እንዙር። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ዓለም ከተፈጠረ 6824 ዓመት ነው፤ 5500 ዘመነ ብሉይ፣ 1324 ዘመነ ሐዲስ። 6824 ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለማይኖረው ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ግብጻውያን ክርስቲያኖች 1048 ዓመተ ሰማዕታት ብለው ይጽፉታል። በቊስጥንጥንያ ያሉ ጸሐፍትም ከዓለም መፈጠር ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን እነሱ ዘንድ ዓመቱ 6840 ነው። ሁለቱም «ከአዳም ጀምሮ» ይላሉ፤ ግን በ16 ዓመት ይለያያሉ። አይሁድም ከፍጥረት ቆጥረው ያንኑ ዓመት 5092 ይሉታል። በምሥራቅ የዩዋን ሥርወ መንግሥት በቻይና «ዢሹን» በሚባል የዘመን ስም እየቆጠረ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሂጅራ አቆጣጠር ነው። በዚያ ዘመን ሀዲያ ከእስላም መንግሥታት ጋር የሚቆጠር አገር ነበር። በ749 ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1349 ያረፈው ዓረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ፣ ሀዲያን ከይፋት፣ ከደዋሮ፣ ከባሌና ከሌሎቹ ጋር ከሰባቱ የእስላም ግዛቶች አንዱ አድርጎ ገልጾታል። 1324 ዓ.ም. ሲጀምር ሂጅራው ገና 731 ነበር፤ ጥቅምት 6 ቀን ላይ 732 ገባ። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ስለዚህ አንድ የቋሚ ቁጥር ደምሮ ወይም ቀንሶ ወደ እኛ መመለስ አይቻልም፤ በእያንዳንዱ ዓመት ማስላት ያስፈልጋል።

በአውሮፓም ቢሆን መግባባት አልነበረም። በፍሎረንስ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለ ነበር፣ እኛ ዛሬ «ፌብሩዋሪ 1332» የምንለውን የዚያች ከተማ ጸሐፊ «1331» ብሎ ይጽፈው ነበር። የጎርጎርዮስ ማሻሻያ የመጣውም እ.ኤ.አ. በ1582 ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በዩልዮስና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል የስምንት ቀን ልዩነት አለ። የታሪክ ሊቃውንት ለዚያ ዘመን የሚጽፉት የዩልዮሱን ነው፤ በስልካችን ላይ ያሉት መለወጫዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎርጎርዮሱን ይሰጡናል። የተማሪዎቼ ቀኖች ከመጽሐፍ ጋር የማይገጥሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ምስክር ሲሆን

እስካሁን 516፣ 1324 እና 1332 አንድ መሆናቸውን አይተናል። የቀረው የተማሪዬ አራተኛ ቁጥር ነው፤ 1329። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ሳይሆን እውነተኛ ክርክር ነው። አንዳንድ የታሪክ መጻሕፍት ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በ1332፣ ሌሎች ደግሞ በ1329 ያደርጉታል። ለ1329 የሚከራከሩት የሚይዙት በዜና መዋዕሉ ውስጥ የተጠቀሰውን የትንሣኤ በዓል ነው፤ ሚያዝያ 28። ይህን ማንም የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በወረቀት ላይ ሊፈትነው ይችላል። አብረን እንፈትነው።

መጀመሪያ 1324ን እንውሰድ። ዓመተ ዓለም 6824 ለ19 ሲካፈል 3 ይቀራል። ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር 2 ይሆናል። ወንበር በ11 ሲባዛ አበቅቴ 22 ነው። ወንበር በ19 ሲባዛ 38፣ ከዚያ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 8 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ሒሳቡ ልክ እንደ ሆነ ያሳያል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 8 ይውላል። መስከረም 1 ዓርብ ስለ ነበር ጥቅምት 8 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 በ8 ላይ ሲደመር መባጃ ሐመር 15 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ቆጥረን ትንሣኤን ሚያዝያ 24 እናገኛለን። ሚያዝያ 28 አይደለም።

አሁን 1321ን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. 1328/29 ማለት ነው። ዓመተ ዓለም 6821 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ በዚህ ጊዜ ወንበር 18 ይሆናል። አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12። መስከረም 1 ሰኞ ስለ ነበር ጥቅምት 12 እሑድ ነው። 12 ላይ 7 ሲደመር 19፤ ነነዌ የካቲት 19፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 28። በትክክል ገጠመ።

እንግዲህ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ተጣሉ። የንግሥና ዓመቱና ዓመተ ምሕረቱ ወደ 1324 ይጠቁማሉ፤ ፋሲካው ወደ 1321 ይጠቁማል። ማንን እንመን? እኔ ወደ 1324 አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴንም ልግለጽ። 1321 ትክክል ነው ካልን ሁለት ቁጥሮች ተሳስተዋል ማለት ነው፤ 15 የነበረው 18፣ 513 የነበረው 516 ሆኗል። 1324 ትክክል ነው ካልን ግን የተሳሳተው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ፳፬ የነበረውን ገልባጭ ፳፰ አድርጎታል። አንድ የአኃዝ ስሕተት ከሁለት ይቀላል።

ሆኖም በዚህ አልተኩራራም። ሁለቱ የመግቢያ ቁጥሮች ሁለት ነጻ ምስክሮች ላይሆኑ ይችላሉ። ጸሐፊው ወይም ኋላ የመጣ ገልባጭ አንዱን ከሌላው አስልቶ ጽፎት ከሆነ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ቃል ናቸው። በአንጻሩ ፋሲካን በሰፈር ሆኖ ያከበረ ሰው ቀኑን በቀላሉ አይረሳውም። ክርክሩን ሕያው ያደረገው ይህ ነው። ከእናንተ መካከል የግዕዝ ብራናዎችን ለማነጻጸር የሚነሣ ወጣት ተመራማሪ ቢገኝ ሊፈታው የሚችል ሥራ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ጉዳይ

ይህን ሁሉ ቁጥር የቆጠርሁት ለቁጥሩ ስል አይደለም። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ አማኖ የተማረኩበትን ዓመት የምናውቀው በማረኳቸው ንጉሥ የንግሥና ዓመት ነው። «18ኛው ዓመት» ስንል የማን 18ኛ ዓመት እንደ ሆነ አንርሳ። ለሀዲያ ሰው ያ ዓመት ከዓምደ ጽዮን ዘውድ አልጀመረም። ንጉሡ የተያዙበት ዓመት ነበር፤ የማስታወሻው መነሻም ያ ይሆናል።

በዚህ አካባቢ ዓመት የሚታወቅበት የራሱ መንገድ አለ። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ አሮጌው ዓመት አልፎ አዲሱ መግባቱን ያበሥራሉ። ከዱራሜም ሆነ ከዶዮገና የመጣችሁ ልጆች አያቶቻችሁን ዕድሜያቸውን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ቁጥር አይነግሯችሁም፤ እገሌ የሞተ ጊዜ፣ ጣልያን የገባ ጊዜ፣ ረኀቡ የሆነ ጊዜ ይሏችኋል። ሽማግሌዎች ደግሞ የትውልድ ሐረግ ሲቆጥሩ ትሰማላችሁ። ጀርመናዊው ምሁር ኡልሪክ ብራውካምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የሀዲያ ታሪክ ከጽሑፍ ምንጮች ጎን ለጎን በእንዲህ ያለ የቃል ትውፊት ላይ በሰፊው ተመርኩዟል። ይህ ኋላ ቀር አቆጣጠር አይደለም። የሮም ሰዎች ዓመታቸውን በሹመኞቻቸው ስም ሲጠሩ፣ የግዕዙ ጸሐፊ በንጉሡ ዘውድ ሲቆጥር ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ዓመትን በሚታወቅ ነገር ላይ ማሰር። ልዩነቱ የእነሱ ተጽፎ የእኛ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ባለፉ ቁጥር ዓመታት የታሰሩበት ገመድ ይበጠሳል።

ስለዚህ ለተመራማሪ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ዓመትን ከአቆጣጠሩ ስም ለይታችሁ አትጻፉ። ምንጩ «516 ዓመተ ምሕረት» ካለ መጀመሪያ እንዳለ ጻፉት፤ ከዚያ ትርጓሜውን አስከትሉ። ትርጓሜያችሁ ቢሳሳት እንኳ ቀጣዩ አንባቢ ከምንጩ ተነሥቶ ያርመዋል። ሁለተኛ፣ ወሩ ካልታወቀ አንድ የአውሮፓ ዓመት አትምረጡ፤ 1324 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 1331/32 ነው። ሦስተኛ፣ የቃል መረጃ ስትሰበስቡ አባቶችንና እናቶችን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። «ያን ጊዜ ሌላ ምን ሆኖ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ከመልሳቸው ማውጣት የእናንተ ሥራ ነው።

ያ ተማሪ ሰንጠረዡን አልሰረዘውም፤ አሻሻለው። አራት ረድፍ የነበረው አንድ ረድፍ ሆነ። በረድፉ ላይ የንግሥናው ዓመት፣ ዓመተ ምሕረቱ በጥንቱ ትርጉም፣ የዛሬው ዓ.ም.፣ ሂጅራው፣ የአውሮፓው፣ በመጨረሻም በፋሲካው ምክንያት ያለው ክርክር በየዓምዱ ተቀምጠዋል። በግራ በኩል፣ የዓመቱ መጠሪያ በሚጻፍበት ቦታ፣ ቁጥር አላስቀመጠም፤ «አማኖ የተማረኩበት ዓመት» ብሎ ጽፎበታል። እኔም አላረምሁትም።

 ጥያቄ ያላችሁ መድረኩ ክፍት ነው።